ዕድራችን በሕይወት ላለው ችግረኛ ገንዘብ ያውጣ ወይስ ጉዳዩ የመንግሥት ነው?

ጥያቄ፦ የዕድር ጸሐፊ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

በሳቢያን አካባቢ በሚገኝ አንድ የሰፈር ዕድር ውስጥ በጸሐፊነት አገለግላለሁ። በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት ወርኃዊ መዋጮውን በተከታታይ ያልከፈለ አባል መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ውዝፉ ከተወሰነው ጊዜ ካለፈ ደግሞ ስሙ ከመዝገብ ይሰረዛል። ደንቡ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየ ስለሆነ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የሚሰረዙት እነማን እንደሆኑ ስመለከት፣ አብዛኞቹ ቀደም ሲል በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት (መንግሥት ለከተማ ድሆች ለተወሰነ ጊዜ ሥራና ድጋፍ፣ በመጨረሻም የመቋቋሚያ ገንዘብ በሚሰጥበት ፕሮግራም) ታቅፈው የቆዩና ጊዜያቸውን ጨርሰው ተመረቁ ተብለው የወጡ ቤተሰቦች ሆነው አገኘኋቸው።

በዚህ ምክንያት ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ከዕድሩ ተቀማጭ ላይ ጥቂት ተነሥቶ የእነዚህ አባላት መዋጮ እንዲሸፈንና ለጊዜው የእህል መግዣ የሚሆን ድጋፍ እንዲደረግላቸው ሐሳብ አቀረቡ። ከፊሎቻችን “ሰው ለኑሮው ራሱ ኃላፊ ነው፤ ሥራም መቋቋሚያም ተሰጥቶት ካልቆመ ዕድሩ ሊሸከመው አይገባም” አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ችግረኛን መደገፍ ግብር የሚሰበስበው መንግሥት ሥራ እንደሆነ፣ እኛ ከጀመርንለት ቀበሌው ችግረኛውን ሁሉ ወደ ዕድር እንደሚገፋብን ተናገሩ። ቀሪዎቹ ለሞተ ሰው ድንኳን የሚተክል ዕድር በሕይወት እያለ ለተራበው ጀርባውን እንዴት ይሰጣል ብለው ጠየቁ።

እኔ ወደ መጨረሻዎቹ አደላለሁ፤ ነገር ግን የሁለተኛዎቹን ሥጋት የምመልስበት በቂ ነገር አላገኘሁም። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ከተረጂዎቹ መካከል ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎች መኖራቸው ነው። አንደኛዋ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ጉልበታቸው የደከመ እናት ናቸው። ሌላው ገና ጎልማሳ የሆነ፣ የመቋቋሚያ ገንዘቡን በጫት ጨረሰው የሚባል ሰው ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ሊቃረብ ስለሆነ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደንብ ማውጣት ይገባ እንደሆነ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ ነጋዴ (ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ)

ጸሐፊው ጥያቄውን በግልጽ ስላስቀመጡት እኔም ያለ ዙሪያ ጥምጥም እመልሳለሁ፤ ሐሳቡን እቃወማለሁ። የዕድር ገንዘብ የአደራ ገንዘብ ነው። ያንን መዋጮ ከሚከፍሉት መካከል ተሸካሚዎች፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፣ በቀፊራ ገበያ መሬት ላይ ሽንኩርት ዘርግተው የሚውሉ ሴቶች አሉ፤ እነዚህ ሰዎች ከአፋቸው ቀንሰው የሚያዋጡት በሞታቸው ጊዜ ሬሳቸው በክብር እንዲሸኝ ነው። ኮሚቴው ያንን ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ሲያውል እየለገሰ ያለው የራሱን ሳይሆን የእነሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ መዋጮ ያቋረጠ ሰው መዋጮው ከተሸፈነለት፣ እየተቸገረ የሚከፍለው ጎረቤቱ በሚቀጥለው ወር ለምን ይከፍላል? እኔ የተቸገሩ ሰዎችን አላይም ማለቴ አይደለም። የማውቀውን ሰው፣ ችግሩንም ልፋቱንም የማውቅለትን፣ ከራሴ ኪስ እረዳለሁ፤ ይህንንም የማደርገው ማንም በጉባኤ ስላስወሰነብኝ አይደለም። እንዲህ ያለው እርዳታ ሰውየውን ያሳፍረዋል የሚል ካለ፣ ስሙ በኮሚቴ መዝገብ ላይ በችግረኛነት ሲሰፍር የባሰ እንደሚያፍር ያስብበት።

የጎልማሳውን ነገር ግልጽ አድርጌ ልናገር። በዚህ ከተማ ባዶ እጁን መጥቶ ከተሸካሚነት ተነሥቶ ባለ ሱቅ የሆነ ሰው ሞልቷል። ሴፍቲኔቱም ቢሆን ድጋፉን በየዓመቱ እየቀነሰ በሦስተኛው ዓመት የሚያቆመው፣ ተጠቃሚው በራሱ እግር እንዲቆም ታስቦ ነው። ገንዘቡን ያባከነን ሰው በሌላ ገንዘብ ከካስን፣ ገንዘቡን በአግባቡ ለተጠቀመው ጎረቤቱ ምን ልንለው ነው?

መልስ፦ የቀድሞ የሥራ ቡድን አስተባባሪ (ድሬዳዋ)

በሴፍቲኔቱ የአካባቢ ልማት ሥራ ላይ የነበርኩ ስለሆነ፣ ስለ ፕሮግራሙ የሚነገረው ነገር ብዙ ጊዜ ከአሠራሩ ጋር እንደማይገጥም አውቃለሁ፤ ስለዚህ በዝርዝር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች ነበር፤ ድሬዳዋና ሐረርም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከዓለም ባንክ በተገኘ 300 ሚሊዮን ዶላርና መንግሥት በመደበው 150 ሚሊዮን ዶላር 604 ሺህ ሰዎችን እንዲደርስ የታቀደ ሲሆን፣ ከተጠቃሚዎቹ 84 በመቶ የሚሆኑት መሥራት የሚችሉ ተብለው በአካባቢ ልማት ሥራ የሚሰማሩ፣ ቀሪዎቹ 16 በመቶ ደግሞ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችሉና ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ነበሩ። ሠራተኛው በመነሻው በቀን 60 ብር ያገኝ ነበር፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል የሚታሰበውም በመጀመሪያው ዓመት 60 ቀን፣ በሁለተኛው 40፣ በሦስተኛው 20 ቀን ነበር፤ ከአራት የቤተሰብ አባላት በላይ ደግሞ አይታሰብም ነበር። ከሚከፈለው ላይ 20 በመቶ ይቆጠብ ነበር። በመጨረሻ ሥልጠና የወሰደ ቤተሰብ የሥራ ዕቅዱን አቅርቦ ወደ 500 ዶላር የሚጠጋ የመቋቋሚያ ገንዘብ በብር ይሰጠው ነበር። በ2013 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ሁለተኛው ምዕራፍ ከተሞቹን ወደ 83 ከፍ አድርጓቸዋል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለ ተመራቂዎቹ “ሦስት ዓመት ተረድቶ አልቆመም” እየተባለ የሚነገረው አነጋገር ትክክል አለመሆኑን ለማሳየት ነው። እነዚህ ሰዎች የድሬዳዋ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ወጥተው መንገድ ጠርገዋል፤ የፍሳሽ ቦይ ከፍተዋል፤ ችግኝ ተክለው ውኃ አጠጥተዋል። ግዴታ ተጥሎባቸው ቆጥበዋል። እኔና ታይዋን ያሉት ወንድሜ በግዴታ መቆጠብ የጀመርነው መቼ ነው? ለራስ ኃላፊነት መውሰድ ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ታዲያ ለምን ወደ ኋላ ተመለሱ? አንዳንዱ ገንዘቡን አባክኗል፤ ይህን አልክድም። ከማውቃቸው መካከል ግን የሚበዙት የወደቁት በሌላ ምክንያት ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ብዙ ሴቶች በአንድ ጊዜ ተመርቀው በአንድ ጎዳና ላይ አንድ ዓይነት ሳንቡሳና አንድ ዓይነት ድንች ይሸጣሉ፤ ገዢው ግን አልጨመረም። የመሸጫ ጥላ ያላገኘች ሴት ደንብ አስከባሪ በመጣ ቁጥር ሰሐኗን ይዛ ትሮጣለች። የቤቱ አንድ ሰው ሲታመም መቋቋሚያው ለመድኃኒት ይውላል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዘይቱም ዱቄቱም የቱ ጋ እንደደረሰ ነጋዴው ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። በትናንት ዋጋ የተሰላ መቋቋሚያ ይዞ የወጣ ሰው በዛሬ ዋጋ መቆም ቢያቅተው ጥፋቱ በሙሉ የእሱ ነው ማለት ይከብዳል።

ተረጂ ሰነፍ ይሆናል እየተባለ ለሚነገረውም አንድ የማውቀውን ልጨምር። በአዲስ አበባ ፕሮግራሙ ሲጀመር መጀመሪያ የሚታቀፉት ወረዳዎች በዕጣ ተለይተው ስለነበር፣ አጥኚዎች የገቡትንና ያልገቡትን ወረዳዎች ለማነጻጸር ችለዋል። የተገኘው ውጤት፣ ፕሮግራሙ በገባባቸው ሰፈሮች ለግል ቀጣሪ ይሠራ የነበረው ሰው ቁጥር በተወሰነ ደረጃ ቢቀንስም፣ በግል ሥራ ላይ የቀሩት ሰዎች ደመወዝ ከፍ ማለቱ ነው። ከፕሮግራሙ ውጭ ያለው ድሃም ተጠቅሟል ማለት ነው።

ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ። እናቲቱ መመረቅ የማይገባቸው ሰው ናቸው፤ ቦታቸው ቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5 ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ የማድረግ ግዴታን በመንግሥት ላይ ጥሏል። ስለዚህ ዕድሩ ለእኚህ እናት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ብር መስጠት ሳይሆን፣ ኮሚቴው ማኅተሙን ይዞ አብሯቸው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ መቅረብ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ በዚያ መመዝገባቸውን አረጋግጡ። ብቻቸውን ሲሄዱ “ነገ ይምጡ” የሚባሉ ሰዎች ከዕድር ዳኛ ጋር ሲሄዱ ወንበር ሲቀርብላቸው አይቻለሁ። ይህ መሆን አልነበረበትም፤ ግን ይሆናል።

መልስ፦ የጀጎል ልጅ (ሐረር)

እኛ ዘንድ አፎቻ የሚባል፣ እንደ ዕድር ያለ መረዳጃ ማኅበር አለ፤ የወንዶቹም የሴቶቹም ለየብቻ ነው። ለቅሶና ሠርግ ሲሆን ገንዘብም ጉልበትም ይዞ ይደርሳል፤ አባል ሆኖ ያልተገኘም ይወቀሳል። ስለዚህ ጸሐፊው የጠየቁትን ነገር ከሩቅ አላየውም።

ታይዋን ያሉት ወንድሜ “የማውቀውን ሰው ከኪሴ እረዳለሁ” ማለታቸው ላይ ጥቂት ልቆይ። በእምነታችን ዘካ የሚባለው ነገር ሰጪው ደስ ሲለው የሚያደርገው ልግስና አይደለም። ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነና ዓመት የሞላው የገንዘብ ወይም የንግድ ሀብት ላይ 2.5 በመቶ ይታሰባል፤ የሚሰጣቸውም በቁርኣን ተለይተው የተቀመጡ 8 ወገኖች ናቸው፤ ድሆችና ምስኪኖች በመጀመሪያ ይጠቀሳሉ። በሌላ አነጋገር፣ ድሃው ከሀብታሙ ገንዘብ ውስጥ ድርሻ አለው፤ ሰጪው ወደደውም አልወደደውም። ይህን የማነሣው ዕድሩን ዘካ ይክፈል ለማለት አይደለም። ግዴታ የሆነ እርዳታ ሰውን ያሰንፋል የሚለው ሐሳብ ለአካባቢያችን ባህል እንግዳ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። አፎቻም ሆነ ዕድር፣ በኪስ የሚደረግ ምጽዋትም ጭምር፣ የሚደርሰው ለሚታወቅ ሰው ነው። ጎረቤት ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ስሙ በመዝገብ የገባ ሰው ይረዳል። ከሐረርጌ ገጠር ዝናብ ሲጠፋ መጥቶ በሐረር ሸዋ በር ወይም በድሬዳዋ ቀፊራ ሸክም ተሸክሞ በረንዳ ላይ የሚያድረውን ወጣት ማን ያውቀዋል? የእሱ ዕድር የት ነው? የመንግሥት ድጋፍ አስፈላጊነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው፤ የማንም ዘመድ ላልሆነ ሰው መድረስ የሚችለው የሁሉም የሆነ ተቋም ብቻ ነው። በእርግጥ ያም ቢሆን የነዋሪነት መታወቂያ ስለሚጠይቅ እዚያም በር ላይ የሚቀር አለ፤ ለዚህ ግን መፍትሔው መንግሥትን ወደ ተሻለ አሠራር መግፋት ነው፤ ሥራውን ከእጁ መቀበል አይደለም።

ስለዚህ በኮሚቴው ውስጥ “መንግሥት ሥራውን ወደ እኛ ይገፋል” ያሉት አባላት ሥጋት መሠረት አለው እላለሁ። መድኃኒቱ ግን እጅን ማጠፍ አይደለም። የዕድሩ ድጋፍ ገደብ ያለው ይሁን፤ የቀብሩ ሒሳብ አይነካ፤ በሕይወት ላሉት የሚሆነው በፈቃደኝነት በሚዋጣ ሌላ ሣጥን ይያዝ፤ ለሁለቱም የተለያየ መዝገብ ይኑር።

መልስ፦ ነጋዴ (ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ)

ሁለት መዝገብ የሚለውን እቀበላለሁ፤ የሌላው ሰው አደራ ካልተነካ ክርክሬ ግማሹ አብቅቷል። እናቲቱንም በተመለከተ አስተባባሪው ያሉት ትክክል ነው።

የአዲስ አበባውን ጥናት ግን ሙሉ በሙሉ እንድንመለከተው እፈልጋለሁ። የቀን ሠራተኛው ደመወዝ ከፍ ማለቱ ለሠራተኛው ጥሩ ነው፤ ያንን ጭማሪ የሚከፍለው ግን መንግሥት ሳይሆን አንድ ሁለት ሰው የሚቀጥር እንደ እኔ ያለ ሱቅ ነው። ስለዚህ እርዳታው ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል እንጂ ከፊሉ ከእኛ የወጣ ነው። ይህን ያልኩት ፕሮግራሙ ይቅር ለማለት አይደለም፤ ወጪው በማን ላይ እንደወደቀ እንዲታወቅ ብቻ ነው። በጎልማሳው ላይ ያለኝ አቋም አልተለወጠም።

መልስ፦ እናት (ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር)

ወንድሞቼ የጻፋችሁትን በትዕግሥት አነበብኩ። እኔ ኃላፊነት የሚለውን ነገር አልጠላውም፤ ልጆቼን ያሳደግኩት በንግድ ነው፤ ሸቀጡ የሚመጣው በአሮጌው ባቡር ነበር። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ባቡሩ ስለመጣ ነው፤ አብዛኛው የሰፈራችን ሰው በአንድም በሌላም መንገድ ከዚያ ሐዲድ ይበላ ነበር። አሮጌው ባቡር ሲቆም የሥራው መንገድ ሁሉ አብሮ ቆመ። አዲሱ ባቡር መጥቷል፤ ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ የሚጭነውም በአብዛኛው ኮንቴይነር እንጂ የእኔን ዓይነት ሴት ጥቅል አይደለም። ያንን ለውጥ እኔ በትጋቴ ላስቀረው አልችልም ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ሲወርድ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ቤት አልባ ሆነ። በዚያ ጊዜ ከወንዙ አሸዋ ዳር ቤት የሠራው ሰው ጥፋተኛ ነው የሚሉ ነበሩ። ሰው እዚያ ቤት የሚሠራው ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው። በማግሥቱ ሬሳ ያወጣውና የቀበረው፣ የተረፈውንም ቤቱ ያሳደረው ጎረቤትና ዕድር ነበር፤ ይህን ማንም አይረሳም። የተፈናቀለውን ሁሉ ማስፈር ግን ዕድር አይችልም ነበር። የጎርፍ መከላከያ ግንብ በመዋጮ አይሠራም። ሁለቱም በየመጠናቸው ያስፈልጉ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አልተካም።

ስለ ጎልማሳው ልናገር። ጫት ቅሟል ብሎ መፍረድ በድሬዳዋ ትንሽ ያስቃል፤ ከሰዓት በኋላ የማይቅም የዕድር ኮሚቴ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ የምለው፣ ይህ ሰው ብር የለው እንደሆነ ጉልበት አለው። ድንኳን የሚተክል፣ ወንበር የሚያመላልስ፣ መቃብር የሚቆፍር ሰው ዕድራችን ውስጥ ሲጠፋ እያየን ነው፤ ወጣቶቹ ቅጣቱን ከፍለው መቅረትን መርጠዋል። ውዝፉን በእነዚህ ሥራዎች ያካክስ። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ከአባልነቱም አያጎድለውም። ታይዋን ያሉት ልጄም ገንዘባቸው እንዳይነካ የፈሩት ነገር በዚህ አይነካም።

መልስ፦ የቀድሞ የሥራ ቡድን አስተባባሪ (ድሬዳዋ)

እናቴ ያሉት ሐሳብ በተግባር የሚሠራ ነው፤ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። የጉልበት ማካካሻው ለድሃ አባል ብቻ የተለየ ከሆነ፣ መቃብር የሚቆፍረው ሁልጊዜ ድሃው ይሆንና በአባላት መካከል ደረጃ ይፈጠራል። ስለዚህ ደንቡ “ማንኛውም አባል መዋጮውን በገንዘብ ወይም በተወሰነ የሥራ ተራ መክፈል ይችላል” ተብሎ ለሁሉም ክፍት ቢሆን ይሻላል።

ሌላው፣ ዕድሩ ከእርዳታው ይልቅ ወደፊት ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ቢደነገግም (በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል)፣ በግዴታ የሚሸፍነው ደመወዝ ተከፋይ የሆነውን ቋሚ ሠራተኛ ነው። ተሸካሚው፣ ጉልት ቸርቻሪዋና የቀን ሠራተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ያለ ጡረታ ያረጃሉ። ዛሬ የምንነጋገርባቸው እናት የዚህ ውጤት ናቸው፤ በሥራ ዘመናቸው ስንፍና ስላሳዩ አይደለም።

መልስ፦ የዕድር ጸሐፊ (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለጉባኤው ሦስት ነገር አዘጋጃለሁ፦ የቀብሩን ሒሳብ የማይነካ በፈቃደኝነት የሚሞላ ሌላ ሣጥን፤ መዋጮን ለፈለገ ሁሉ በሥራ ተራ የመክፈል አማራጭ፤ እንዲሁም መሥራት ለማይችሉ አባላት ኮሚቴው በጽሑፍ ለቀበሌው የሚያቀርበው ጥያቄ። ሦስተኛውን ከሁሉም ቀድሜ አስነሣዋለሁ፤ ምክንያቱም “መንግሥት ይገፋብናል” ለሚሉት አባላት መልስ የሚሆነው እሱ ነው።

ገና ያልጠራልኝ አንድ ነገር ቀርቷል። የተረጂዎቹ ስም በጉባኤ ይነበብ ወይስ ኮሚቴው ብቻ ይወቀው? ቢነበብ ያሳፍራል፤ ባይነበብ ደግሞ ኮሚቴው ለዘመዱ ሰጠ መባሉ አይቀርም። በዕድራችሁ ወይም በአፎቻችሁ ይህን የፈታችሁበት መንገድ ካለ ጻፉልኝ።

መልስ፦ ነጋዴ (ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ)

ስሙ አይነበብ። የሣጥኑን ገቢና ወጪ ግን ከኮሚቴው ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ በየሦስት ወሩ ይመርምሩትና ጠቅላላ ድምሩን ለጉባኤው ይናገሩ። እንዲህ ከሆነ እኔም ሣጥኑ ውስጥ እጨምራለሁ። ጎልማሳው በመጀመሪያው ለቅሶ ድንኳን ተካይ ሆኖ ካልመጣ ግን ደንቡ በእሱ ላይ እንደ ማንኛውም አባል ይሥራ።